አልጠጣሁም ሲለኝ

ሰኞ ማታ

የሥሩን ዱቄት መስጠት ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ምሬቱ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዝንጅብሉና ማሩ ዋጡት። ባለቤቴ ብርጭቆውን ጨልጦ «ሻይሽ ሰሞኑን ወፈረብኝ» አለ። «ለሳልህ ነው» አልኩት። ሳል እንኳ የለበትም።

ለማንም የማልነግረው ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ይጠጣል። አምና ልጃችን በትምህርት ቤቷ ስትሸለም፣ ሊያጨበጭብ ሲነሳ ወንበር ይዞ ወደቀ። ልጄ እስከ ዛሬ ያንን ቀን አታነሳም። መከርኩት፣ ለመንኩት፣ አኮረፍኩት። ምሎ ያፈርሳል። ሰሞኑን ደግሞ ብልጥ ሆኗል፤ አምሽቶ ማስቲካ እያኘከ ይገባል። ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። እኔን ማን ያታልላል!

ዝናቡ በጀመረ ማግሥት ከገበያው ጀርባ ወዳሉት የባህል መድኃኒት አዋቂ ሄድኩ። «መጠጥ የሚያስጠላ ሥር ነው። ሳያውቅ ብትሰጪው ይሻላል፤ ካወቀ እምቢ ይላል» አሉኝ። ተቀብያቸው ወጣሁ። የሥሩን ስም አልጠየቅኩም።

እኔ! ስሙን ሳልጠይቅ! የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ እኮ። መስኮቱ ላይ ሰው በመጣ ቁጥር «ከዚህ ሌላ የሚወስዱት አለ? ሥር፣ ቅጠል፣ ዱቄት?» እያልኩ የምጠይቅ ሰው ነኝ። «የተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ያሉኝን አንዲት እናት ተቆጥቼ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አይቶኛል። ያው እኔ ነኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በማንኪያ የምሰፍረው።

ለልጄ ስል ነው። ይህን ጽፌ ልተኛ።

ረቡዕ

ሠራ!

ዛሬ በጊዜ ገባ። ራት ላይ ስለ አንድ ተሳፋሪ አወራልን። ሰውዬው ፍራሽ ተሸክሞ ሊገባ ሲል ትኬት ቆራጩ «ለፍራሹም ትኬት ቁረጥ» ቢለው፣ «እሱ ተኝቶ ነው የሚሄደው፤ መቀመጫ አይዝም» አለ አሉ። ልጄ ሳቀች። ጮክ ብላ ሳቀች። ለካ ባሌ ያስቃል፤ ረስቼው ነበር።

እሑድ

ምግብ አስጠላው። ሁለት ጉርሻ በልቶ ሳህኑን ገፋ። ድካም ድካም ይለዋል። አዋቂው «መጀመሪያ ላይ ሆዱን ይከብደዋል፤ ያኔ ነው መጠጡን የሚጠላው» ብለውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። እንዲያውም ግማሽ ማንኪያ የነበረውን ሙሉ አደረግሁት፤ ከተጀመረ አይቀር።

ወገቡንም ያመዋል፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ መዋል ቀላል አይደለም። ከቤት ካለው የሕመም ማስታገሻ ሰጠሁት። ጠዋትና ማታ።

ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ። ጠዋት አስመለሰው። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል አለኝ። «ውኃ አንሶህ ነው» አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ሰልፉ ረዝሟል፤ ልሂድ።

ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ልጄ መስኮቱ አጠገብ አባቷን ትክ ብላ አይታ «አባዬ፣ ዓይንህ ቢጫ ነው» አለች።

አየሁት። ከትናንት ወዲያም አይቼው ነበር። መብራቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

እኔው ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኩት፤ አስተኙት። የቀረውን ዱቄት ሽንት ቤት ልደፋው ከፍቼ ነበር። አልደፋሁትም። በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ ማታ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የማይገባትን ነገር የምትጠይቅ፣ ቸኩላ የማትፈርም። በሥራ እንተዋወቃለን፤ ስለ መድኃኒት መጠን ግራ ሲገባት እኔ ዘንድ ነው የምትደውለው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«መጠጥ ይጠጣሉ?»

«እጠጣ ነበር። ትቻለሁ።»

«መቼ ተዉ?»

«ሰንብቷል። አልጠጣሁም ዶክተር፤ በልጄ እምላለሁ።»

ይህን ሲል እኔን አየኝ። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ግን ያየኝ እንደ ድሮው ነው፤ ገና ሳንጋባ፣ አባቴ ፊት ቆሞ «እሷ ትመስክር» ሲል እንዳየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ አንሶላውን አስተካከልኩ።

«የባህል መድኃኒትስ? ሥር፣ ቅጠል፣ የሚጠጣ ነገር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መቼም ቢኖር ታውቂያለሽ።»

«አይመስለኝም» አልኩ።

አይመስለኝም! አዎ አላልኩም፣ የለም አላልኩም። ይህ ከውሸት ይለያል ብዬ እስከ ቤት ድረስ ራሴን ሳሳምን መጣሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ

አልነገርኳትም። ነርሶች ነበሩ።

የደሙ ውጤት መጣ። መጠጥ ጉበትን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞች ኤ ኤስ ቲ የሚባለው ይበልጣል፤ ሁለቱም ቢሆኑ ያን ያህል አይንሩም። የእሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው፣ ኤ ኤል ቲ የሚባለው፣ ጣሪያ ነክቷል። ሐኪሟ ወረቀቱን እያገላበጠች «ይሄ የመጠጥ አይመስልም። ቫይረስ ይሆን?» አለች። «ሊሆን ይችላል» አልኩ። የምርመራውን ናሙና ራሴ ይዤላት ልሂድ አልኩ፤ ለመርዳት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ መጣች። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ገና ከበሩ ዓይኑን አይታ አገጯን ያዘች።

«ገደልከው አይደል ጉበትህን?»

«እትዬ፣ አልጠጣሁም።»

«ለእኔ ነው? እኔ ላይ ነው? ያቺ ልጅ ታሳዝንሃለች ብዬ ነበር!»

«በእማዬ አጥንት…»

«እማዬን ተዋት! በሰላም ትረፍ!»

አጠገቡ ያሉት በሽተኞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስትወጣ ኮሪደር ላይ አቀፈችኝ። «አይዞሽ። አንቺን ባይሰጠው ኖሮ ይሄኔ አፈር ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። አልዋጠችኝም፤ አቀፍኳት።

ቅዳሜ

ልጄ ክፍሉ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። «አልገባም» አለች። «ሲስቅ የነበረው ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው። እየጠጣ ነበር የሚስቀው።»

«እንደዚያ አይባልም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ይባላል?»

መልሱ እኔ ጋ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጬ ብስኩት ገዛሁላት፤ አልበላችውም።

እሱ ከውስጥ ድምፅዋን ሰምቷል። ስገባ «ታዲያ እሷ ምን ታድርግ» ብቻ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ እኔን ሳያይ፣ «ምናልባት ጠጥቼ ረስቼው ይሆን እንዴ? ሰው እንዲህ ይሆናል?» አለ።

«ተኛ፤ አትጨነቅ» አልኩት።

ሰኞ ማታ

ቫይረሱ የለም። ሁሉም ነፃ ነው። ሐኪሟ አሁን የሐሞት ቱቦን፣ የብረት ክምችትን፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበትን በሽታ እያስመረመረች ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ላሚቱ የዋለችበትን የማውቅ እኔ ደግሞ መስኮቴ ላይ ቆሜ ለሰው ሁሉ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» እላለሁ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ «አዎ ልጄ፣ ቅጠል ቢጤ እጠጣለሁ» ብለው በግልጽ ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።

እንቅልፍ የለም፤ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው። ሰው ጉበት ማጣሪያ ነው ይላል። እኔም ለበሽተኛ እንደዚያ ነው የምለው፤ ማስረዳቱ ይቀላል። ግን ወንፊት አይደለም። የገባውን ነገር ይዞ በኢንዛይሞቹ ይለውጠዋል፤ ሟሙቶ በሽንት እንዲወጣ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያድናል። አንዳንድ ሥር ግን ሲገባ ምንም አይደለም፤ ጉበት ሊያስወጣው ብሎ ሲለውጠው ነው መሃል ላይ ክፉ ነገር የሚወለደው። ይህን ክፉ ነገር ይዞ የሚያስወጣ ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ አለ። ለዓመታት የጠጣ፣ ሰሞኑን ያልበላ፣ በላዩ ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ላይ ግን ይህ መከላከያ ይሳሳል።

ማስታገሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምግብ ያስጠላውም የእኔ ሻይ ነው። ምግብ ሲያስጠላው ደግሞ ማንኪያውን ሙሉ አደረግሁት።

ይህን በትምህርት ቤት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ።

ግን ከመጠጡ አላወጣሁትም እንዴ? እሱን እንኳ ማንም አይወስድብኝም። ነገ እነግራታለሁ። ጠዋት፣ ሳትዞር።

ማክሰኞ

ጠዋት ሐኪሟ ስብሰባ ላይ ነበረች።

በመጠየቂያ ሰዓት ትኬት ቆራጩ መጣ። ከባለቤቴ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ዓመታት የሠራ፣ ወሬ የማያልቅበት፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። «እንዴት ነው ፍሬን?» አለና አልጋው ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ፈገግ አለ፤ ከተኛ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ስሸኘው «ፍሬን ምንድን ነው?» አልኩት።

«አልነገረሽም? እኛ ያወጣንለት ስም ነው። ከመጠጥ ፍሬን ያዘ ብለን!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሰው የሚለውን እንዳትሰሚ። አንድ ማለዳ፣ ገና ዝናብ ሳይጀምር፣ አንዲት ተማሪ መንገድ ስታቋርጥ ሊገጫት ለጥቂት ነው ፍሬን የያዘው። ልጅቷ ዝቅ ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እሱ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ጎማው ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የማታው መጠጥ ገና አልለቀቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበው ዓይኔ አይቷል። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ላለማለፍ በድልድዩ ዞሮ በእግሩ ነው ቤት የሚገባው።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኛም ብለነዋል። ‹ስንቴ ምዬ ስንቴ አፈረስኩ! አሁን አልምልም፤ ራሳቸው ያዩታል› አለ።»

ዝናብ ሳይጀምር። እኔ የሄድኩት ከጀመረ በኋላ ነው።

መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ማምሸቱ፣ ማስቲካው። መጠጥ ሲለቅ ሰውነት ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር? ሁሉም ዓይኔ ሥር ነበር። ከመጠጥ አውጥቼዋለሁ ያልኩት ሰው ከመጠጥ የወጣው ብቻውን ነው። እኔ ሥሩን ያጠጣሁት ጤነኛ ሰው ነበር።

ረቡዕ

ደሙ መርጋት አቅቶታል። ሐኪሟ ከጉበቱ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አለች፤ «አደገኛ ነው፤ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ግን በጨለማ ማከም አልችልም» አለችኝ። ፈርሚ ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ላስቲኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«በሻይ ስሰጠው ነበር። እሱ አያውቅም።»

ላስቲኩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ላስቲኩን። የፈራሁት ጩኸት ነበር። አልጮኸችም። ወንበሩን ሳበችልኝ፤ መቼ ጀመርሽ፣ ስንት ማንኪያ፣ ከምን ጋር፣ መቼ አቆምሽ ብላ ሁሉንም ጻፈች። ስለ ማስታገሻውም ነገርኳት። ስትጨርስ «ባለፈው ረቡዕ ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሌሎቹን ሁሉ ስጠረጥር ይህን የዘለልኩት በአንቺ ተማምኜ ነው።»

ናሙናው ቀረ። ግሉታታዮኑን የሚተካ መድኃኒት በደም ሥር ይጀመርለት ብላ አዘዘች። «ዘግይተናል፤ ግን ይሞከራል» አለች። ትእዛዙ ወደ መስኮታችን መጣ። ላወጣ ስል የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አወጣው።

ለእሱ ሐኪሟ ልትነግረው ነበር። እኔ ልንገረው አልኩ።

ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ሳላቆራርጥ። እሱ እጁ ላይ የተሰካውን መርፌ እያየ ሰማኝ።

«ሻዩ?»

«አዎ።»

«ለሳልህ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

የሚጮህ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሚጮህ ሰው ይቀላል።

«ሥሩን ተይው» አለ። «እኔም ብዙ አስመርሬሻለሁ፤ ለሥሩ አልፈርድብሽም። ግን ዶክተሯ ስትጠይቀኝ ዓይንሽን አየሁ። እሷ እንኳ ታምነኛለች ብዬ። ጎንበስ አልሽ። አላመነችኝም ብዬ አዘንኩ። እስከ ዛሬ የከነከነኝ እሱ ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለካ አምነሽኝ ነበር።»

እጁን አንሶላው ሥር አስገባና ቀጠለ።

«እትዬ ስትሰድበኝም ታምኚኝ ነበር። ልጄ በር ላይ ስትመለስም። ሂጂና ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

ዓርብ

ለልጄ ትናንት ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ስለዚህ አባዬ ሲስቅ እውነቱን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «እውነቱን ነበር» አልኳት። ጫማዋን አድርጋ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳት፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አትምጪ» አለችኝ።

ዛሬ እትዬ ቤት ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ አረፋ በአረፋ ነው። «ግቢ፣ ምነው ፊትሽ? ባሰበት?» አለች።

«እትዬ፣ አልጠጣም ነበር። እኔ ነኝ ያሳመምኩት» አልኩ። ቆሜ ነው የነገርኳት። ጨረስኩ። ትመታኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በእማዬ አጥንት ሲለኝ አፉን ዘጋሁት» አለች፤ ለእኔ አይደለም። ሻርፗን ከሚስማሩ አወረደች፤ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ እኔ እዚያው ቆሜ። በሩን አልዘጋችም፣ ቆዪ አላለችኝም፣ ውጪም አላለችኝም። ልብሱ ውኃ ውስጥ ነበር። ተቀምጬ አጥቤ አሰጣሁላት። ሌላ የማደርገው አላገኘሁም።

ሰኞ

ደሙ መርጋት ጀመረ። ሐኪሟ «ጉበት ደግ ነው፤ ጊዜ ከሰጡት ይመለሳል» አለች። ለእሱ ነው ያለችው፤ እኔ በር ላይ ነበርኩ።

የባህል መድኃኒት አዋቂው ጋ ሄጄ የሥሩን ስም ጠየቅኳቸው። ደነገጡ። «ባሎቻቸው የሚጠጡ ብዙ ሴቶች ወስደዋል» አሉ። የሴቶቹን ስልክ ቁጥር ለምኜ ተቀበልኩ፤ ከሐኪሟ ጋር ሆነን እየደወልንላቸው ነው። አንዷ መልሳ አልደወለችም።

የመምሪያ ኃላፊያችን ጠራኝ። የሠራተኛው ስብሰባ ላይ እንድናገር ጠየቀኝ፤ ስም ሳይጠራ፣ «አንዲት ባለሙያ» እየተባለ ይቀርብ ብሎ ሊረዳኝ ፈለገ። እምቢ አልኩ። «እኔ» ብዬ ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበ፤ የሚጨበጨብለት አልነበረም። ከመስኮቱ አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡኝ፤ ለጊዜው አሉ።

ሐሙስ፣ ከወር በኋላ

ከሆስፒታል ሲወጣ ቤት አልመጣም፤ እትዬ ጋ ሄደ። ልጄ ከትምህርት ቤት በዚያ ታልፋለች። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቃትም። አንድ ቀን ራሷ «አባዬ ሩብ ዳቦ በላ» አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ እኔ ምን ይላል ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ ለቁጥጥር ምርመራ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ከግምጃ ቤቱ ወጥቼ ላቦራቶሪው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቀጥኗል። ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ዓይኑ ግን ነጭ ነው፤ ከዚያ ሩቅ እንኳ ይታያል።

ውጤቱን በመስኮት ተቀብሎ ዞር ሲል አየኝ። የሚያልፈኝ መስሎኝ ግድግዳው ጥግ ያዝኩ። መጣ። ወረቀቱን ሳይገልጥ ያዘው።

«ዶክተሯ እስክትጠራኝ ሰዓት አለኝ» አለ። «ይሄ ቁጥር ለእኔ አይገባኝም።»

«ይነግሩሃል» አልኩት።

«አንቺ አንብቢልኝ።» ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ጥሩውንም መጥፎውንም። አንድም እንዳትዘዪ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ መሃላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተን። ሁለቱ ኢንዛይሞች ወርደዋል፤ አልኩት። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ወደ ልኩ ተመልሷል። የደም መርጋቱ ጥሩ ነው። አልቡሚን የሚባለው፣ ጉበት ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ገና ዝቅ ያለ ነው።

«ዝቅ ማለቱ ምንድን ነው?»

«ጉበትህ ገና አልዳነም ማለት ነው። የተወሰነው ላይመለስም ይችላል።»

«ከሥሩ ነው?»

«ከሥሩ ነው። ሳልናገር ካሳለፍኩት ሳምንትም ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ፣ ቀጣዩ መስመር ላይ አደረገ።

«ቀጥይ» አለኝ።